ጧት ጧት ሰውነታችን ለምን ይተሳሰራል?

በዚህ እትም ያቀረብኩላችሁ ጽሑፍ ርእሱ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከመኝታው ሲነሣ ወገቡ ያልያዘው፣ አንገቱ አልዞር ያላለው፣ ጉልበቱ ያልተንቋቋ ሰው በመካከላችን አይገኝምና። ነገር ግን ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ሁላችንም እንረዳዋለን ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ይህን ነገር ባለመረዳቴ በአንዲት በምወዳቸው ሴት ላይ በደል ፈጽሜአለሁ። ሌላው እንደ እኔ እንዳይሳሳት በማሰብ ይህችን ትምህርት የአቅሜን ያህል አዘጋጀሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው ከአባቴ እኅት ጋር ነው። አክስቴ ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነው። ቀድሞ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው እሳት አያይዘው፣ ቡና አፍልተው፣ ቁርስ አዘጋጅተው የሚቀሰቅሱን እርሳቸው ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ጧት ጧት በአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እጆቻቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ረጅም ጊዜ ይቆዩ ጀመር። ጀበናውን እንድጥድላቸው፣ የዘይቱን ክዳን እንድከፍትላቸው ይጠሩኛል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ሽንኩርት ሲከትፉና ልብስ ሲያጥቡ አያቸዋለሁ። እኔም በልቤ «ከቀትር በኋላ የሚሠራ እጅ ጧት ብቻ የሚታመመው እንዴት ነው?» እል ነበር። አንድ ቀን ለፈተና ስጣደፍ ጠሩኝና ተቆጥቼ፣ «እትዬ፣ እርስዎን የሚያምዎት ሥራ ሲኖር ብቻ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ድስቱን በጣቶቻቸው መያዝ ስላቃታቸው በሁለት ክንዳቸው አቅፈው አነሡት።

የኋላ ኋላ በክፍል ውስጥ ስለ መገጣጠሚያ በሽታዎች ስንማር መምህሩ የተናገሩት ነገር ይህን ጧት አስታወሰኝ። ምን እንዳሉ ከመናገሬ በፊት ግን ጤነኛ ሰው ለምን እንደሚተሳሰር አስቀድመን እንመልከት። ጤናማውን ያላወቀ በሽታውን ለይቶ ማወቅ አይችልምና።

ሌሊት በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል?

1ኛ/ በመገጣጠሚያዎች። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በጉልበት፣ የአጥንቶቹ ጫፎች ልም አጥንት በሚባል ነጭና ልስልስ ነገር ተሸፍነዋል። በመካከላቸውም እንደ ጥሬ እንቁላል ውኃ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ አለ። በጤነኛ ሰው ጉልበት ውስጥ የሚገኘው ይህ ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጥቂት ቢሆንም ሥራው ብዙ ነው። የጠባዩን ነገር ለመረዳት የረጋ እርጎን ማሰብ ይበቃል። እርጎ ሲቀመጥ ይጠነክራል፣ በማንኪያ ሲማሰል ይቀጥናል። የመገጣጠሚያም ፈሳሽ ስንንቀሳቀስ ይቀጥናል፣ ስናርፍ ይወፍራል። ስለዚህ ጧት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከባዶች የሚሆኑት መገጣጠሚያው ገና «ስላልተማሰለ» ነው።

በዚህ ላይ ልም አጥንት የራሱ የሆነ ደም ሥር የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? ከዚሁ ፈሳሽ ነው። ስንራመድ የሰውነታችን ክብደት እንደ ስፖንጅ ይጨምቀዋል፤ እግራችንን ስናነሣ ደግሞ ፈሳሹን መልሶ ይመጠዋል። እንግዲህ መንቀሳቀስ ለመገጣጠሚያ መሥራት ብቻ ሳይሆን መብላትም ጭምር ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተኛ መገጣጠሚያ ጧት እንቅስቃሴን የሚጠብቅ መገጣጠሚያ ነው።

2ኛ/ በአከርካሪ። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል 23 ትራስ መሰል ነገሮች አሉ፤ ሐኪሞች ዲስክ ይሏቸዋል። ቀን ስንቆምና ስንቀመጥ ክብደታችን ውኃቸውን እየጨመቀ ያሳጥራቸዋል። ሌሊት ስንጋደም ክብደቱ ስለሚነሣላቸው ውኃ ስበው ያብጣሉ። በዚህ ምክንያት ማንኛውም ሰው ጧት ከማታው ይልቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ጉዳይ ጆሴፍ ዋስ የተባሉ እንግሊዛዊ የገጠር ቄስ ሰዎችን እየለኩ አስተውለው ስለ ነበር፣ ጽሑፋቸው በ1724 እ.ኤ.አ. በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ታትሞላቸዋል። ወደ ሕዋ የሚሄዱ ሰዎችም ክብደት ስለማይጫናቸው በዚያ ሳሉ ቁመታቸው ይጨምራል።

ታዲያ መርዘሙ መልካም ከሆነ ወገባችን ጧት የሚይዘን ለምንድን ነው? ነገሩን በአቁማዳ መመሰል ይቻላል። ጎደል ያለ አቁማዳ እንደ ፈለጉት ይታጠፋል፤ እስከ አፉ የሞላ አቁማዳ ግን አይታጠፍም፤ በግድ ቢያጥፉትም ስፌቱ ይወጠራል። ጧት ዲስኮቻችን እንደ ሞላ አቁማዳ ናቸው። ስለዚህ ገና ከአልጋ እንደ ተነሡ ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ ማንሣት በወገብ ላይ ከቀኑ ይልቅ የበለጠ ጫና ያመጣል። ደግነቱ ከሌሊቱ የተጨመረው ቁመት ከግማሽ የሚበልጠው በተነሣን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ይቀንሳል። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ለብዙ ጊዜ ወገባቸውን ያመማቸው ሰዎች ጧት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከመጎንበስ እንዲቆጠቡ ተመክረው ሕመማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

3ኛ/ በጡንቻዎች። ጡንቻ ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ይያያዛሉ። ሲሳብ ደግሞ ይላቀቃሉ። ውሻና ድመት ከተኙበት ሲነሡ አስቀድመው የሚንጠራሩት፣ እኛም ማንም ሳያስተምረን ዐይናችንን ስንገልጥ የምንንጠራራው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም የሰውነታችን ሙቀት በቀን ሃያ አራት ሰዓት አንድ ዓይነት አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ ከማታው ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የቀዘቀዘ ቅቤ እንደሚጠጥር ሁሉ የቀዘቀዘ ጡንቻና ጅማትም ይጠጥራል። አዛውንቶቻችን «ብርድ ያዘኝ» የሚሉት ስለዚህ ከእውነት የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ ብርድ መተሳሰሩን ያብሰዋል እንጂ ብቻውን የመገጣጠሚያ በሽታ አይፈጥርም።

4ኛ/ በሰውነት ሰዓት። በሰውነታችን ውስጥ ጊዜን የሚጠብቅ ሥርዓት አለ። ከኩላሊት በላይ ከሚገኙት ዕጢዎች የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት ያበርዳል። ይህ ንጥረ ነገር በእኩለ ሌሊት አካባቢ በጣም ያንሳል፤ ወደ ንጋት ይጨምራል፤ ከነቃን ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላም ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ በሌሊት የሚቆጣ መገጣጠሚያ ያለው ሰው አብራጁ ባነሰበት ሰዓት ቁጣው ይበረታበታል። ጧት ሲነሣም የሌሊቱን ቁጣ ተሸክሞ ይነሣል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከስቅለት ማግስት

ከዚህ በላይ የተገለጠው የየዕለቱ መተሳሰር ነው። ሌላ ዓይነት መተሳሰር ደግሞ እኛ ወጣቶች በየዓመቱ እናውቃለን፤ ይኸውም ከስቅለት ማግስት የሚመጣው ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን ቅዳሜ ጧት ስንነሣ ጭናችንና ባታችን እንደ እንጨት ይሆናል። እሑድ እንዲያውም ይብሳል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ቀን ከመዘምራኑ አንዱ ደረጃውን በጀርባው ወደ ኋላ እየሄደ ሲወርድ አይተን ሁላችን ሥቀናል። ራሳችንም እንደ እርሱ ሳንሆን አልቀረንም። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ «አሲድ በጡንቻ ውስጥ ስለ ተጠራቀመ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ይህ አስተሳሰብ በስፖርተኞች ዘንድም የተለመደ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ሥራው ካቆመ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ከጡንቻ ይጠፋል። ቅዳሜ ጧት ለሚመጣው ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ነው። ቴዎዶር ሀፍ የተባለ ተመራማሪ ገና በ1902 እ.ኤ.አ. እንደ ገመተው፣ ያልለመደ ጡንቻ ከበድ ያለ ሥራ ሲሠራ በውስጡ ጥቃቅን መሰነጣጠቅ ይደርስበታል። ይህም የሚብሰው ጡንቻው እየተሳበ ክብደት በሚሸከምበት ጊዜ ነው። ስንሰግድ ሰውነታችንን ቀስ አድርገን ወደ መሬት የምናወርደው፣ ተራራም ስንወርድ በየእርምጃው ራሳችንን የምንገታው በዚህ ዓይነት ነው። ከተራራ መውጣት ይልቅ መውረድ በማግስቱ የሚያሳምመው ስለዚህ ነው። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታና በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጡንቻውም ተጠግኖ ከቀድሞው የበለጠ ስለሚጠነክር፣ በሁለተኛው ጊዜ ያው ሥራ ያን ያህል አያሳምምም። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ሳምንታት ጥቂት ጥቂት እየሰገደ የቆየ ሰው ከስቅለት ማግስት ደረጃ በጀርባው አይወርድም። ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ከከባድ ድካም በኋላ ሕመሙ ከመጠን ያለፈ ከሆነና ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ኩላሊትን የሚጎዳ አደጋ ነውና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

መተሳሰርን በሰዓት መለካት

አሁን መምህሩ ወደ ተናገሩት ነገር እንመለስ። እንዲህ አሉ፦ «በሽተኛው መገጣጠሚያዬ ጧት ይይዘኛል ሲላችሁ፣ ምን ያህል ያማል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ።» ይህ ቀላል ጥያቄ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይለያል።

ሀ/ ጤነኛ ሰው ተነሥቶ ፊቱን እስኪታጠብና ጥቂት እስኪራመድ ድረስ ባሉት ደቂቃዎች ይፍታታል።

ለ/ በዕድሜ ወይም በብዙ ድካም ልም አጥንቱ የሳሳበት ሰው እንደዚሁ ጧት ይተሳሰራል፤ መተሳሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሕመሙም ቀን በሥራና በመራመድ ብዛት ይጨምራል፣ ሲያርፍ ይቀንሳል። አብዛኞቹ አያቶቻችን የሚቸገሩበት የጉልበት ሕመም ይህ ነው።

ሐ/ መገጣጠሚያው በብግነት የተቆጣበት ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ረፋድ ድረስ ይተሳሰራል። የእርሱ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሲያርፍ ይብሳል፣ ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል። ስለዚህ ከውጭ ለሚያየው ሰው ጧት በሽተኛ፣ ከቀትር በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ሰነፍ ተብሎ የሚታማውም ይህ ሰው ነው።

በዚህ በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ከሚገኙት በሽታዎች ሁለቱን ማወቅ ይጠቅመናል። የመጀመሪያው ሩማቶይድ አርትራይትስ የሚባለው ነው። በዚህ በሽታ ሰውነትን ከጠላት እንዲጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱንም እጆች የጣት አንጓዎችና የእጅ አንጓን ይይዛል፤ ያብጣሉ፣ ሲነኩ ያማሉ። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሁለተኛው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሚባል የአከርካሪ በሽታ ነው። ይህ የሽማግሌ በሽታ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በእኛ በወጣቶቹ ዕድሜ የሚጀምር ነው። ምልክቱም ወገብን ከሦስት ወር በላይ ማመሙ፣ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ከእንቅልፍ መቀስቀሱ፣ ጧት ለረጅም ጊዜ ማስተሳሰሩና ተኝቶ ማረፍ ሳይሆን መንቀሳቀስ የሚያሻሽለው መሆኑ ነው። ሕክምና ሳያገኝ ለብዙ ዓመት ከቆየ የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ወገብ እስከ መጨረሻው ሊደርቅ ይችላል። ወጣቱ «በዚህ ዕድሜህ ምን ወገብ አለህ!» እየተባለ ስለሚሣቅበት ሕመሙን ይደብቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለእርሱ የተነገረ ይመስለኛል።

በእኛ ዘንድ ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ማለት የተለመደ ነው። ሪህ በሐኪሞች ቋንቋ ግን ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ድንገት፣ በሌሊት፣ በእግር አውራ ጣት ላይ ይነሣል፤ ጣቱም ይቀላል፣ ያብጣል። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ሁሉን በአንድ መድኃኒት ወደ ማከም ያደርሳልና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደግሞም የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ይገባል።

ከአልጋ የተነሣችው ሴት

ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁን የኮርቲሶልን ነገር በታሪክ ላስረዳ። ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ አገር በማዮ ክሊኒክ ይሠሩ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. አንድ መገጣጠሚያው የታመመ ሰው የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያው ሕመም መሻሉን አስተዋሉ። በኋላም እርጉዝ ሴቶች በእርግዝናቸው ወራት ከዚሁ በሽታ እንደሚሻላቸው ተመለከቱ። እንግዲያውስ ሰውነት ራሱ የሚሠራው አንድ አብራጅ ነገር አለ ብለው ደመደሙ። ከብዙ ዓመታት ጥረት በኋላ፣ ባልደረባቸው ኤድዋርድ ኬንዳል ከለዩአቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን በመስከረም ወር 1948 እ.ኤ.አ. ከአልጋዋ መነሣት ለከበዳት ለአንዲት የ29 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጡአት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። ያ ንጥረ ነገር ኮርቲዞን ተባለ። ሄንችና ኬንዳል ከስዊስ አገሩ ሊቅ ከታዴዎስ ራይክስታይን ጋር በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በደስታ ብቻ አላበቃም። መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን እንደሚያሳሳ፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ ፊትን እንደሚያሳብጥ፣ ለተላላፊ በሽታም እንደሚያጋልጥ ቆይቶ ታወቀ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት እንክብሎች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሰው ከጎረቤቱ ሰምቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወስዳቸው በሁለት ቀን ሕመሙ ስለሚጠፋ የዳነ ይመስለዋል፤ በሽታው ግን ከሥር ይቀጥላል። ለረጅም ጊዜ ሲወስዳቸው የቆየ ሰው ደግሞ በድንገት ማቋረጡ ራሱ ለሕይወት አስጊ ነው። ስለዚህ እነዚህን መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ መጀመር፣ በሐኪምም ትእዛዝ ማቆም ግዴታ ነው።

የአክስቴ ደብተር

ያን ትምህርት በሰማሁ ማግስት ጧት 12 ሰዓት ላይ ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ «እትዬ፣ እጅዎን ይጨብጡልኝ» አልኳቸው። ጣቶቻቸው ከመዳፋቸው ሊደርሱ አልቻሉም። አንጓዎቻቸውም አብጠው ነበር፤ ሁለት ዓመት አብሬአቸው እየበላሁ ግን አላየሁትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለ14 ቀናት፣ ስንት ሰዓት እንደ ተነሡና ስንት ሰዓት ላይ እጃቸውን መጨበጥ እንደ ቻሉ በደብተር መዘገብኩ። ከሁለት ሰዓት በታች የሆነበት አንድም ቀን አልነበረም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ከሁሉ በፊት፣ «ጧት እጅዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስቴ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔም ደብተሩን ሰጠኋት። ደምና ራጅ ከታየ በኋላ በሽታው ሩማቶይድ አርትራይትስ መሆኑ ታወቀ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ደማቸውም በየጊዜው ይመረመራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ጀበናውን ራሳቸው መጣድ ጀመሩ፤ ዛሬ የጧቱ መተሳሰር ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ነገር ግን የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጎብጠው ቀርተዋል፤ እነርሱ አይመለሱም። ይህ በሽታ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢታከም ኖሮ መገጣጠሚያው ሳይበላሽ ሊድን ይችል ነበር። እኔ «ሥራ ሲኖር ብቻ ነው እንዴ የሚያምዎት?» ያልኩት በእነዚያ ወራት ነበር።

ይቅርታ ስጠይቃቸው አክስቴ የመለሱልኝን አልረሳውም። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ እኔስ ብሆን ሰነፍኩ እያልኩ ራሴን እወቅስ አልነበር?» አሉኝ።

ምን እናድርግ?

1. ስንነቃ ዘልለን አንነሣ። በአልጋችን ላይ ሳለን እንንጠራራ፤ ቁርጭምጭሚታችንን እናዙር፤ ጉልበታችንን አንድ በአንድ ወደ ደረታችን ሳብ አድርገን እንመልስ። ከዚያ በጎናችን ዞረን በክንዳችን ተደግፈን እንነሣ።

2. በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጎንበስ ብለን ከባድ ባልዲ ወይም ጀሪካን አናንሣ። የግድ ከሆነም ወገባችንን ሳይሆን ጉልበታችንን አጥፈን፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችን አስጠግተን እናንሣ።

3. የተሳሰረ መገጣጠሚያ የሚፈታው በመተኛት ሳይሆን በልኩ በመንቀሳቀስ ነው። ለብ ያለ ውኃም ይረዳል። ለፈተና ስናጠናም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተን ጥቂት እንራመድ፤ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ሌሊቱን ቀን ላይ ያመጣዋልና።

4. ያልለመድነውን ከባድ ሥራ ጥቂት ጥቂት እያልን እንልመድ።

5. መተሳሰሩ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና ሳምንታት የሚዘልቅ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ወይም የወገብ ሕመም ሌሊት ከቀሰቀሰን ጊዜውን በወረቀት ጽፈን ወደ ሐኪም እንሂድ።

6. በቤታችን ጧት የሚዘገይ ሰው ካለ ከመፍረዳችን በፊት እጁን እንይ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጧት መተሳሰር ለአብዛኞቻችን የእረፍት ምልክት ነው፤ ጥቂት ስንንቀሳቀስ ይለቀናል። ለአንዳንዶች ግን ሰውነት የሚያሰማው የእርዳታ ጥሪ ነው። ሁለቱን የሚለየው በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እናቶቻችሁን፣ አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን «ጧት እጅዎና ወገብዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ቅደሙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመገጣጠሚያ ፈሳሽ በእርጎ የተመሰለው ለምንድን ነው?
2. ጧት እንደ ተነሡ ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ ማንሣት ለምን ይከለከላል?
3. ከስቅለት ማግስት የሚመጣውን ሕመምና የአክስቴን ሕመም ምን ይለያቸዋል?
4. በአካባቢያችን «ሰነፍ» ተብሎ የሚታማ፣ ነገር ግን ታምሞ ሊሆን የሚችል ሰው አለን? እንዴትስ ልንረዳው እንችላለን?